ደም ስለ አንጀት ምን ያህል ይናገራል? የወጣቶች የትልቁ አንጀት ካንሰርና የደም ጠቋሚዎች

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር የሽማግሌዎች በሽታ ነው የሚለው ግምት ዛሬም በአብዛኛው እውነት ነው፤ ሆኖም እውነትነቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ መጥቷል። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ የሚገኘው የዚህ ካንሰር መጠን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲጨምር ቆይቷል፤ በዚህም የተነሳ ምልክት የሌለባቸው ሰዎች ምርመራ የሚጀምሩበት ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል ተደርጓል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የፊልም ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በ43 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ሲሞት ጉዳዩ የዓለም ወሬ ሆኖ ነበር። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ወጣት ሕመምተኛ በዝቶ ለመታየቱ ግን አንዱ ምክንያት ሌላ ነው፤ የሕዝቡ ግማሽ ያህል ገና 20 ዓመት ባልሞላበት አገር፣ ከ50 በታች የሆነ ሕመምተኛ መብዛቱ ብቻውን በሽታው ወደ ወጣቶች ዞሯል አያሰኝም። ያም ሆኖ ይህ የቁጥር ክርክር በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ ሰገራው ላይ ደም ለሚያይ የደሴ ሰኞ ገበያ ነጋዴ የሚፈይድለት ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ወጣት ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የደም ምርመራን ነው፤ ምርጫውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ማየት፣ አንጀትን አስቀድሞ በመድኃኒት ማጽዳትን ይጠይቃል፣ ያሳፍራል፣ ያስፈራል፣ አገልግሎቱም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሪፈር ተጽፎ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ሲመጣ ደግሞ የትራንስፖርቱ፣ የማደሪያውና ከሥራ የመቅረቱ ወጪ በምርመራው ዋጋ ላይ ይደመራል። ደም ለመስጠት ግን ክንድ መዘርጋት ይበቃል። ስለዚህ «ዶክተር፣ በደሜ አይታወቅም ወይ?» የሚለው ጥያቄ የየዋህ ጥያቄ ሳይሆን የኑሮ ስሌት ነው። መልሱ ግን በየትኛው የደም ምርመራ እንደሆነ ይለያያል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ምርመራዎች የሚፈልጉት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

በላቦራቶሪዎቻችን ከሚታወቁት የካንሰር ጠቋሚዎች አንዱ ሲኢኤ ይባላል። ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ይህ ፕሮቲን በፅንስ አንጀት ውስጥ የሚመረት፣ ከውልደት በኋላ እጅግ የሚቀንስ፣ በአንጀት ዕጢ ላይ ግን እንደገና የሚጨምር በመሆኑ፣ ካንሰርን በደም ለመለየት ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ተስፋው አልዘለቀም። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም አንጀቱ የተቆጣ ሰው ካንሰር ሳይኖርበት ሲኢኤው ከፍ ሊል ይችላል፤ በአንጻሩ ካንሰሩ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ደህና ሆኖ ይገኛል። ከጣሪያ በላይ የሚታይ ጭስ ቤት እየተቃጠለ መሆኑንም፣ እንጀራ እየተጋገረ መሆኑንም ሊያመለክት ይችላል፤ ሲኢኤም እንደዚያው ነው። ስለዚህም ጤነኛ የሚመስለውን ሰው ለካንሰር ለማጣራት ሲኢኤን መጠቀም በሕክምና መመሪያዎች አይመከርም። በእኔ አመለካከት አንድ ወጣት «ለጠቅላላ ምርመራ» ብሎ በራሱ ፈቃድ ሲኢኤ ማሠራቱ ከገንዘብ ብክነት የከፋ ጉዳት አለው፤ በሚሊ ሊትር ከ5 ናኖግራም በታች የሚል ወረቀት ይዞ ሲወጣ፣ ሰገራው ላይ የሚያየውን ደም ችላ ለማለት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋልና።

አሁን ብዙ የሚወራለት መንገድ ከዚህ ይለያል። የሰውነታችን ሴሎች ሁልጊዜ ይሞታሉ፤ ሲሞቱም በውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ተሰባብሮ ወደ ደም ይገባል፣ ከጥቂት ሰዓታት በላይም አይቆይም። የካንሰር ሴሎችም እንዲሁ ቁርጥራጮቻቸውን ወደ ደም ይጥላሉ። የዕጢውን ቁራጭ ከጤነኛው ሴል ቁራጭ የሚለዩት ምልክቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በዲኤንኤው ፊደላት ላይ የተፈጠረ ለውጥ፣ ሜቲሌሽን የሚባለውና በዲኤንኤው ላይ የሚለጠፈው ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክት፣ እንዲሁም ቁራጩ የተሰበረበት ቦታና ርዝመት። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ያለው ብዛቱ ላይ ነው፤ ይህንንም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከአንድ 10 ሚሊ ሊትር የደም ቱቦ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ፕላዝማ፣ ማለትም ከሴሎቹ የተለየ የደም ፈሳሽ፣ ይገኛል እንበል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ናኖግራም ዲኤንኤ ቢኖር በጠቅላላው 20 ናኖግራም ይሆናል፤ አንድ ናኖግራም የሰው ልጅን ሙሉ የዘረ መል ቅጂ 300 ጊዜ ያህል ስለሚይዝ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው 6,000 ቅጂ ገደማ ነው። ገና በጀመረ ካንሰር ላይ ከዕጢው የሚመጣው ድርሻ ከ10,000 አንድ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው አንድን የተወሰነ ለውጥ ብቻ የምንፈልግ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አንድ ቅጂ እንኳ ላይኖር ይችላል፤ መሣሪያው ቢራቀቅም ባይራቀቅም የሌለን ነገር ሊያገኝ አይችልም። የዘመኑ ምርመራዎች በአንድ ምልክት ሳይወሰኑ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ የዲኤንኤ ቦታዎችን፣ በተለይም የሜቲሌሽን ምልክቶችን የሚያነቡት ለዚህ ነው።

በ2016 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ምርመራ ሴፕቲን 9 የተባለውን አንድ ዘረ መል ሜቲሌሽን ብቻ የሚያይ ነበር፤ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት ካንሰር ካለባቸው መካከል ያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በሐምሌ 2024 የተፈቀደው ሺልድ የተባለው ምርመራ ከዚህ እጅግ ይሻላል። ውጤታቸው በተተነተነ 7,861 ሰዎች መካከል በኮሎኖስኮፒ ካንሰር ከተገኘባቸው 65 ሰዎች ውስጥ 54ቱን፣ ማለትም 83 በመቶውን ለይቷል። ያመለጡት በዋናነት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የነበሩት ሲሆኑ፣ ካንሰርም ሆነ አስጊ ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ፣ ከሌላቸው ሰዎች መካከልም 10 በመቶ ያህሉን «አለባችሁ» ብሏቸዋል። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ወደ ካንሰርነት ሊለወጡ ከተቃረቡ ፖሊፖች መካከል ምርመራው ያገኘው 13 በመቶውን ብቻ ነው። የአንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊፕ ተነስቶ በዓመታት ሂደት የሚያድግ በመሆኑ፣ ኮሎኖስኮፒ ካንሰርን ከማግኘት አልፎ ፖሊፑን ቆርጦ በማውጣት ካንሰሩ ጨርሶ እንዳይፈጠር ያደርጋል። የደም ምርመራ ይህን ጥቅም እምብዛም አይሰጥም፤ ውጤቱ «አለ» ካለም መጨረሻው ኮሎኖስኮፒ ነው።

ወደ ወጣቶች ስንመለስ ደግሞ አንድ ክፍተት እናገኛለን። ያ የሺልድ ጥናት የተካሄደው ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው፤ ፈቃዱም የተሰጠው ለእነርሱ ነው። የ30 ዓመት ሰው ደም የ65 ዓመት ሰው ደም አይደለም። የሜቲሌሽን ምልክቶች ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣሉ፤ በአረጋውያን ደም ላይ የተበጀ መለኪያ በወጣቱ ላይ እንደዚያው ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። ለወጣቱ የሚያደላ ነገርም አለ፤ ዕድሜ ሲገፋ የደም ሴሎች ራሳቸው ካንሰር ሳይሆኑ የካንሰር የሚመስል የዲኤንኤ ለውጥ ስለሚያጠራቅሙ ምርመራውን ያሳስታሉ፣ በወጣት ደም ውስጥ ግን ይህ ያነሰ ነው። ለወጣቶች ብቻ ተብሎ የተሠራ ሙከራም አለ፤ በ2022 ከጃፓንና ከስፔን በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ አራት ጥቃቅን ሞለኪውሎች አንድ ላይ ተለክተው ወጣት ሕሙማንን ከጤነኞች በጥሩ ሁኔታ ለይተዋል። እንዲህ ያለውን ውጤት ስናነብ ግን ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ መጠየቅ ይገባል። መታመማቸው አስቀድሞ የታወቀን ከጤነኞች መለየት አንድ ነገር ነው፤ በሽታው እጅግ ጥቂት በሆነበት ሕዝብ መካከል ያልታወቀውን ሕመምተኛ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

የሁለቱን ርቀት ቁጥር ያሳየናል። በደሴና በኮምቦልቻ ከ20 እስከ 44 ዓመት ከሆናቸው መካከል ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 100,000 ሰዎች መረመርን እንበል፤ ለስሌቱ እንዲመች ከእነርሱ መካከል ያልታወቀ የአንጀት ካንሰር ያለባቸው 10 ናቸው ብለን እንነሳ። ከመቶ 83 የሚያገኘው ምርመራ 8ቱን ያገኛል፣ 2ቱ ያመልጡታል። በአንጻሩ ከጤነኞቹ አሥር በመቶው በስሕተት ስለሚያዙ 10,000 ያህል ሰዎች «ካንሰር ሳይኖርብህ አይቀርም» ተብለው ኮሎኖስኮፒ ይታዘዝላቸዋል። 8 ሰው ለማግኘት 10,000 ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ኮሎኖስኮፒው በእርግጥ የሚያስፈልገውም ሰው ከእነርሱ ኋላ ይሰለፋል። አሁን ደግሞ ፊንጢጣቸው የሚደማና የደም ማነስ ያለባቸውን 1,000 ወጣቶች እንውሰድ፤ ከእነዚህ 20ዎቹ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው 17ቱን ያገኛል፣ በስሕተት የሚይዛቸው 98 ያህል ብቻ ይሆናሉ፤ ስሌቱ እጅግ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን የቀሩት 3 ሰዎች ምልክት እያላቸው፣ ወረቀቱ «የለብህም» ስላላቸው ብቻ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እነዚህ ያለ ምንም የደም ምርመራ በቀጥታ ኮሎኖስኮፒ ሊታዘዝላቸው የሚገባ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ያው አንድ ምርመራ ምልክት በሌለው ወጣት ላይ ብዙውን በከንቱ ያስፈራል፤ ምልክት ባለው ላይ ደግሞ ጥቂቱን በከንቱ ያጽናናል።

የወጣቶች የአንጀት ካንሰር ዘግይቶ የሚታወቅበት ዋናው ምክንያትም የረቀቀ ምርመራ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። በወጣቶች ላይ ዕጢው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በግራው የአንጀት ክፍልና በፊንጢጣ አካባቢ ስለሆነ መድማቱ በዓይን ይታያል፤ የሚታየው ደም ግን «ኪንታሮት ነው» ወይም «አሜባ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በእኛ አካባቢ ይህ አነጋገር መሠረት የለውም አይባልም፤ ኪንታሮትም፣ አሜባም፣ ቢልሃርዚያም በእርግጥ ያደማሉ፣ ከካንሰርም እጅግ ይበዛሉ። ስሕተቱ የሚመጣው ሰውየው ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ሲውጥ፣ ደሙ ለጥቂት ሳምንታት ሲጠፋለት ዳንኩ ሲል፣ ሲመለስበትም ያንኑ መድኃኒት ሲደግም ነው። በ2023 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ50 ዓመት በታች በሆኑ ሕሙማን ላይ በሽታው ከመታወቁ በፊት ባሉት ወራት የታዩትን አራት ምልክቶች ለይቷል፤ የሆድ ሕመም፣ የፊንጢጣ መድማት፣ የማያቋርጥ ተቅማጥና በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ናቸው።

አራተኛው ምልክት የደም ጠቋሚ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ማግኘትም አይከብድም። ሲቢሲ የሚባለው ተራ የደም ቆጠራ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን፣ የሴሎቹን ግዝፈትና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ያሳያል። አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ የሚደማ ዕጢ በዓይን የሚታይ ደም ባያሳይ እንኳ ሰውነት ያከማቸውን ብረት ያሟጥጣል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ በግዝፈት ያንሳሉ፣ ሄሞግሎቢኑ ይወርዳል፣ ፕሌትሌቶቹ ደግሞ ሊጨምሩ ይችላሉ። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የብረቱን ክምችት ይለካል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች የሆነውን እጥረት ይለዋል፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ላለበት ሰው ግን ፌሪቲን በሐሰት ከፍ ስለሚል ወሰኑን ወደ 70 ያሳድገዋል።

እዚህ ላይ የከተሞቹ ከፍታ ነገሩን ያወሳስበዋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ሲሳሳ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያመርት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በደጋ ለሚኖሩ ሰዎች የደም ማነስ ወሰኑ ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በዝቅተኛ ቦታ ለወንድ በዴሲ ሊትር ደም 13 ግራም ሄሞግሎቢን የሆነው ወሰን በደሴ ከ14 በላይ ይሆናል። ይሁንና ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይበልጥ አግኝተዋል፤ ይህም የከፍታ ማስተካከያው ለኢትዮጵያ ደገኛ በጥንቃቄ ሊያዝ እንደሚገባ ያሳያል። ማስተካከያውን በጭፍን ብንከተል ጤነኛውን ደገኛ ደም አነሰው እንለዋለን፤ ብንተወው ደግሞ በቋፍ ያለውን ልናሳልፈው እንችላለን። መውጫው ሁለት ነው፦ ሄሞግሎቢኑ ሲያጠራጥር ፌሪቲኑን መለካት፣ ከተቻለም የሰውየውን የዛሬ ቁጥር ከራሱ ከቀድሞው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 15.5 የነበረ ወጣት ዛሬ 13.2 ከሆነ፣ ወሰኑ የትም ይሁን የት አንድ ነገር ተለውጧል።

የብረት እጥረት ሁሉ የአንጀት ካንሰር ነው ማለት ግን ፈጽሞ አይደለም። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የምትሠራ ወጣት ሴት ብረት ቢያንሳት የወር አበባዋ፣ እርግዝና ወይም አመጋገቧ ይበልጥ የሚገመት ምክንያት ነው፤ በወንዱም ላይ መንጠቆ ትል ወይም የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እነዚህን መርምሮ ማከሙ ተገቢ ነው፤ ተገቢ የማይሆነው ምክንያቱ ያልታወቀ የብረት እጥረት ያለበትን ወንድ «ቀይ ሥርና ምስር ብላ» ብሎ፣ የብረት ኪኒን ሰጥቶ ማሰናበት ነው። ኪኒኑን በአግባቡ የወሰደ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በአንድ ግራም ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ፣ ወይም ከፍ ብሎ ኪኒኑ ሲቆም እንደገና ከወረደ፣ ደሙ የሚፈስበት ቦታ ሊፈለግ ይገባል። በዚህ መካከል የሰገራ ስውር ደም ምርመራ ጥሩ አጋዥ ነው። በብሪታንያ ከ2023 ጀምሮ ምልክት ያላቸው ሰዎች ለኮሎኖስኮፒ ከመላካቸው በፊት በሰገራ ውስጥ ያለውን የሰው ሄሞግሎቢን የሚለካ ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመከራል፤ ወረፋው ረጅም በሆነበት አገር ማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ይረዳል። ወረፋችን ከእነርሱ የባሰ ለሆነው ለእኛ፣ ከአሜሪካው የደም ምርመራ ይልቅ የእንግሊዙ የሰገራ ምርመራ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ የደም ምርመራም አለ፤ ይህኛው የሚፈልገው ካንሰርን ሳይሆን በዘር የተወረሰ የዘረ መል ለውጥን ነው። ከ50 ዓመት በታች በበሽታው ከተያዙት መካከል ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ ያህል ከወላጅ የወረሰው የዘረ መል ለውጥ ይኖርበታል፤ ሊንች ሲንድረም የሚባለው በዋናነት ይጠቀሳል። እዚህ ላይ ከላቦራቶሪው የሚቀድመው የቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት በወጣትነቱ በአንጀት ካንሰር፣ ወይም ከሴቶቹ አንዷ በማኅፀን ካንሰር ታማ እንደሆነ ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ ብቻ የሚነገርለት አጎት ምን ሆኖ እንደሞተ ማጣራትም ይገባል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ምልክት ባይኖረውም በወጣትነቱ የሚጀመር ኮሎኖስኮፒ ነው።

የደም ጠቋሚዎች በእርግጥ ብርታታቸውን የሚያሳዩት በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። በ2022 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበሩ ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደማቸው የዕጢ ዲኤንኤ መኖር አለመኖሩ እየታየ ኬሞቴራፒ ሲወሰንላቸው፣ ኬሞቴራፒ የወሰዱት ከ28 ወደ 15 በመቶ ቀንሰዋል፤ በሽታው ያልተመለሰባቸው ሰዎች ቁጥር ግን አልቀነሰም። ለማጣሪያ የማይሆነው ሲኢኤም በዚህ ቦታ ዋጋ አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከፍ ብሎ የነበረ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መውረዱና በየሦስትና በየስድስት ወሩ ሲለካ ወርዶ መቆየቱ በሽታው እንዳልተመለሰ አንድ ምልክት ነው። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ደሴ የተመለሰ ሰው ይህን ክትትል እዚሁ ማድረግ ይችላል። የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ለአንድ ደም የተለያየ የሲኢኤ ቁጥር ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ አንድ ጊዜ በደሴ ሌላ ጊዜ በኮምቦልቻ ከመለካት በአንድ ላቦራቶሪ መጽናትና የቀድሞዎቹን ወረቀቶች ሁሉ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ላቦራቶሪውን መቀየር ግድ ከሆነም ሐኪሙ የቁጥሩን ለውጥ በመሣሪያው ይሁን በበሽታው እንዲለይ መቀየሩን አስቀድሞ መንገር ይገባል።